ቀኑን የሳተ ሁሉ ቀጣፊ አይደለም

ደሴ፣ ጎረቤት ቤት፣ ቡና ላይ ነን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ከመካከላችን ከሳዑዲ የተመለሰች ልጅ አለች። ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም። የሄደችው በባህር ነበር። በባቲ ወርዳ፣ አፋርን አቋርጣ፣ ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ ላይ ጀልባ ተሳፍራ የመን ገባች። እዚያ ደላሎች አንድ ግቢ ውስጥ ቆለፉባት። ቤተሰቧ በሐዋላ ብር እስኪልክ ድረስ ይደበድቧት ነበር። ስልክ እየደወሉ ጩኸቷን ለእናቷ ያሰሙ ነበር። ይህን ሁሉ የምትነግረን ፈንዲሻ እየቆረጠመች ነው። ድምጿ አይለወጥም። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም ሳቀች።

«ስድስት ሳምንት እንዲያ ሆነን ነው የከረምነው» አለች።

ልጅቷ ወጣ ስትል አክስቴ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «ባለፈው ሦስት ወር ብላ አልነበር? ይቺ ልጅ ትቀጥፋለች።»

አልዋሽም፣ እኔም ይኸው ነገር ሽው ብሎብኝ ነበር። ሦስት ወርና ስድስት ሳምንት አንድ አይደለም። ሳቋም አልገባኝም። እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሰው እንዴት ይስቃል?

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩት አክስቴንም እኔንም አያስመሰግንም። መጠራጠራችን አይደለም ጥፋቱ። ሰው ይዋሻል፤ በመከራም ይነግዳል። ጥፋቱ የተጠራጠርንበት ምክንያት ነው። ቀን ተፋለሰ፣ ቅደም ተከተል ተዛባ፣ እንባ ጠፋ፣ ዘግይታ ተናገረች፤ እነዚህ ሁሉ እውነተኛውን ከውሸታሙ የሚለዩ ምልክቶች አይደሉም። አንዳንዶቹማ እውነት በደረሰበት ሰው ላይ የሚጠበቁ ናቸው።

ትዝታ ካሴት አይደለም

አብዛኞቻችን ትዝታ እንደ ካሴት የተቀዳ ይመስለናል። ወደኋላ አጠንጥነህ ታጫውተዋለህ። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ካለ ታዲያ ካሴቱ ተነካክቷል፣ ወይም መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራ አፍርሶታል። ለሰዎች እንግዳ የሆነ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ተረት አስነበበ። ከዚያ በየጊዜው እየጠራ መልሰው እንዲነግሩት ጠየቃቸው። ተረቱ በየዙሩ ተለወጠ። ያልገባቸው ቀረ። የሚያውቁት ነገር ገባበት። ማንም አልዋሸም። አእምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የቀሩትን ቁርጥራጮች ይዞ ታሪኩን በየጊዜው እንደገና ይገጣጥማል።

ተረት ነው፣ የራስ ሕይወት ግን ይለያል ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች እንደያዘች አየር ላይ ፈነዳች። በማግስቱ ኤልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን «ወሬውን ስትሰሙ የት ነበራችሁ? ማን ነገራችሁ?» ብለው አስጻፉ። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው ከነዚሁ ተማሪዎች 44ቱን መልሰው ጠየቁ። 11ዱ አንድም ነገር አልገጠመላቸውም። ሁሉም ነገር የገጠመላቸው 3 ብቻ ነበሩ። የሚገርመው ይህም አይደለም። በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ሲቀርብላቸው እንኳ አዲሱን ትዝታቸውን የሙጥኝ ያሉ ነበሩ።

እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሞከርኩት። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ አራት ሆነን ነበር የወጣነው። ቅዳሜ ነው እሑድ? ኮምቦልቻ ድረስ በእግር ነው ወይስ ከመንገድ አይሱዙ አንስቶናል? ፍራሹን የተሸከመው ማነው? አራት ሰው፣ አራት ታሪክ። ወንድሜ አይሱዙ የሚባል ነገር አላየሁም ብሎ ይምላል። እናቴ የሹፌሩን ኮፍያ ቀለም ትነግርሃለች። መውጣታችንን ግን ማንም አይክድም። ተመልሰን ስንመጣ በሩ ተገንጥሎ ማግኘታችንንም እንዲሁ።

የወጋ ቢረሳ

«የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ» ይባላል። እውነት ነው። ተረቱ ግን ሌላ ስሌት አስለምዶናል። የተወጋ ካልረሳ፣ የረሳው አልተወጋም ማለት ነው ብለን እናስባለን። እዚህ ላይ ነው የምንስተው።

የተወጋ መወጋቱን አይረሳም። የወጋውን ቢላ ሊያስታውስ ይችላል፤ እጀታው የቀንድ እንደነበር፣ እንደሚያብረቀርቅ። የወጋውን ሰው ፊት ግን ላያስታውስ ይችላል። በፍርሃት ጊዜ ዓይንና ልብ የሚተከሉት ሊገድል በሚችለው ነገር ላይ ነው። መሣሪያ የተደገነበት ሰው አፈሙዙን እንጂ ሸሚዙን አያይም። ተመራማሪዎች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። ዋናው ነገር ጠልቆ ይታተማል። ዳር ዳሩ ግን ይፈዛል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ የትኛው ቀደመ የሚለው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ከባህረ ሰላጤው ጦርነት የተመለሱ 59 አሜሪካውያን ወታደሮች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ከተመለሱ ከአንድ ወር በኋላ 19 ጥያቄ ቀረበላቸው። ጓደኛህ ሲሞት አይተሃል? ተኩስ ተከፍቶብሃል? ያንኑ ጥያቄ ከሁለት ዓመት በኋላ መለሱ። 88 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንዱ ላይ መልሳቸው ተለወጠ። እነዚህ ሰዎች ጦር ሜዳ መዋላቸውን ማንም አይጠራጠርም። ስማቸው በመዝገብ ላይ ነው።

ሌላው ነገር መደጋገሙ ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ነገርና መቶ ጊዜ የሆነ ነገር እኩል አይታወሱም። ከደሴ ኮምቦልቻ ስንት ጊዜ ወርደሃል? እስቲ ሰባተኛውን ንገረኝ። አትችልም። ሁሉም ተደባልቆ አንድ «መውረድ» ሆኗል። ታፍኖ በየቀኑ የተደበደበ ሰውም እንዲሁ ነው። ድብደባው አንድ ትልቅ ነገር ይሆንና ቀኖቹ ይጠፋሉ። ልጅቷ ያለችበትን አስቡት። ስልኳን ተቀምታለች። ገበያ የለም፣ በዓል የለም፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው የለም። ሳምንቱን በምን ትቁጠረው? አንዴ ስድስት ሳምንት፣ አንዴ ሦስት ወር ብትል ሁለቱም ግምት ናቸው። አስልታ አልተናገረችም። «ረጅም ነበር» ማለቷ ነው።

እዚህ ላይ አክስቴን ላንሳ። እሷ የ77 ልጅ ናት። በ1977ቱ ድርቅ ከእናቷ ጋር በእግር ባቲ መጠለያ የደረሰች። ታሪኩን ስንት ጊዜ ነግራናለች። አንዳንዴ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር ትላለች፣ አንዳንዴ ዘጠኝ። ታናሽ እህቷ አንዳንዴ መንገድ ላይ ነው የሞተችው፣ አንዳንዴ መጠለያው ከደረሱ በኋላ። ከቤታችን ውስጥ አንድም ሰው «ቆይ፣ ባለፈው እንዲህ አላልሽም ነበር?» ብሎ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ለራሴ ጠየቅሁት። አክስቴን ስለምንወዳት ነው። የተመለሰችውን ልጅ ግን ገና እያጠናናት ነበር።

ስለ ዝምታም አንድ ነገር ልበል። ሰው መከራውን በአንድ ጊዜ አይዘረግፍም። ለእናቱ የሚነግረውና ለነርስ የሚነግረው አንድ አይደለም። በጦርነቱ የተደፈረች ሴት መጀመሪያ ቀን «መቱኝ» ብቻ ትላለች። ከስድስት ወር በኋላ ሌላውን ትጨምራለች። ሰሚው «ለምን ያኔ አላልሽም?» ይላል። ያኔ ባሏ አጠገቧ ቆሞ ነበር፣ ወይም አማቷ፣ ወይም የምታውቀው የቀበሌ ሰው። የጎደለው ነገር ውሸት አልነበረም። ሰሚው ነው ያልተመቸው።

መስከረም የማን መስከረም?

ይህ ክፍል በተለይ የእኛ ነው። አንድ የወልዲያ ልጅ ወጥቶ አውሮፓ ገባ እንበል። ጥገኝነት ይጠይቃል። ጠያቂው በአስተርጓሚ በኩል ያናግረዋል።

«መቼ ታሰርክ?» «በ2013፣ ፍልሰታ ጾም ላይ።» አስተርጓሚው ፈጠን ብሎ 2013 ሲል ጠያቂው የራሱን 2013 ይጽፋል። ስምንት ዓመት ጠፋ። «በስንት ሰዓት መጡ?» «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።» በፈረንጅ አቆጣጠር ይህ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስምንት ተብሎ ከተጻፈ ግን ጧት ሆነ። በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ልጁ ለጠያቂው እንዲመቸው ብሎ ራሱ ወደ ፈረንጅ ይለውጠዋል። ጳጉሜን አለች፣ ዓመቱ መስከረም ላይ ይዞራል፤ ስሌቱን ይስተዋል። ልጁ ሙስሊም ከሆነ ደግሞ «ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው» ይላል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል። በየትኛው ዓመት ረመዳን?

ከዚያ ዘመድ ይመጣል። መጀመሪያ «ወንድም የለኝም» አለ። ቀጥሎ «ወንድሜን ገደሉት» አለ። ጠያቂው በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራል። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። የአጎቱ ልጅ ነው። የአጎትን ልጅ ወንድሜ ካላልከው ምን ልትለው ነው? አያቱ ያሳደጉት ደግሞ አያቱን «አባቴ» ይላል። የሁለት ሰዎች የአባት ስም ስለማይመሳሰል ባልና ሚስት መሆናቸው የተጠረጠረባቸውም አሉ። የእኛ ሴት ስታገባ ስሟን እንደማትቀይር የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ ካልነበረ እንዲህ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ጄን ኸርሊሂና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ የሚኖሩ 27 የኮሶቮና 12 የቦስኒያ ስደተኞችን ሁለት ጊዜ ጠየቁ። እነዚህ ሰዎች ለመኖር ፈቃድ የተሰጣቸው ናቸው። የሚዋሹበት ምክንያት አልነበራቸውም። ቢሆንም የሁለቱ ቀን ቃላቸው በብዙ ቦታ ተለያየ። ልዩነቱ የበዛው ዳር ዳሩ ላይ ነበር። ጭንቀቱ በጠናባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በሁለቱ ቃለ መጠይቆች መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ልዩነቱ ይጨምር ነበር። ነገሩን አስቡት። ክፉኛ የተጎዳው ሰው ነው ውሸታም የሚመስለው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በመመሪያው ላይ ጻፈው፦ ስደተኛ ሁሉንም ነገር በማስረጃ ማሳየት አይችልም፤ ቃሉ በጥቅሉ የሚታመን ከሆነ ጥርጣሬው ለእሱ ይተውለት። መመሪያው አለ። ጠረጴዛው ላይ የሚሆነው ሌላ ነው።

ፊት ማስረጃ አይደለም

«ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ» የሚል ሰው አታጡም። አክስቴ አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዲፓውሎ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ፈራጆች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች ሰብስበው ደመሩ። ሰው ውሸትን ከእውነት በመልክና በንግግር ሲለይ የሚሳካለት ከመቶ 54 ጊዜ ነው። ሳንቲም ብትወረውር 50 ታገኛለህ። ለአራት በመቶ ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ኩራት።

የልጅቷ ሳቅም ከዚህ ይገባል። ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ሲናገር ሊያለቅስ ይችላል። ሊደነዝዝም ይችላል። ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ያህል ድምፁ ልሙጥ ሊሆን ይችላል። ሊስቅም ይችላል። ስሜቱን ካልዘጋ መናገር የማይችል ሰው አለ። እኛ ደግሞ በለቅሶ ቤት ያደግን ነን፤ ሙሾ፣ ደረት መምታት፣ ድምፅ። ሐዘን ካልተሰማ ያለ አይመስለንም።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሊንዉድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ቤቷ ገብቶ አስሮ የደፈራት ሰው እንዳለ ለፖሊስ ተናገረች። ያሳደጓት ሴቶች ተጠራጠሩ። ተረጋግታ ነው የምታወራው፣ ስሜት የላትም አሉ። የገመዱን መፈታትና የስልክ ጥሪውን ቅደም ተከተል አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አለች። ፖሊሶች ሲያጣድፏት «ዋሽቼ ነው» ብላ ፈረመች። በሐሰት ጥቆማ ተከሰሰች። 500 ዶላር ከፈለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮሎራዶ ውስጥ በተከታታይ ሴቶችን የደፈረ ሰው ተያዘ። ካሜራው ሲፈተሽ የልጅቷ ፎቶ ተገኘ። ከሊንዉድ በኋላ ሌሎች ሴቶችን አጥቅቶ ነበር። ከተማዋ በኋላ 150 ሺህ ዶላር ካሣ ከፈለች።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። የተጠራጠሩት ክፉዎች አልነበሩም። የሚወዷት ነበሩ።

እኛም አልታመንንም

ወሎ ይህን ነገር በራሱ ላይ አይቶታል። በ1965 ዝናብ ጠፍቶ ሰው ማለቅ ሲጀምር ገበሬው ዝም አላለም። ወደ አዲስ አበባ ለአቤቱታ የተጓዘ ነበር፤ ፖሊስ መለሰው። ረሃቡን የሚያሳይ ፎቶ ይዘው ከወሎ የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ። መንግሥት ነገሩን አድበሰበሰው። ዓለም ያመነው የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው። ያ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀላቅሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ገበሬው ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የተናገረውን ነው ካሜራው የደገመው።

ቅርብ ጊዜም አለ። ከየመን ወደ ሳዑዲ ሲሻገሩ ድንበር ላይ እንደተተኮሰባቸው፣ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው እንደወደቁ የሚያወሩ የመርሳ፣ የሐርቡ፣ የቆቦ ልጆች ነበሩ። እኔ ራሴ «ይሄማ ፊልም ነው» ብያለሁ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የሳተላይት ምስልና ቪዲዮ ጨምሮ ዘገባ አወጣ። የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ይላል። ሳዑዲ አስተባብላለች። እኔ ግን ያን ቀን «ፊልም» ያልኩት ልጅ ትዝ አለኝ።

የሚዋሽም አለ

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን። ደሴ መናኸሪያ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠህ መኪናው ሳይሞላ ሕመም የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ የሚገባ ሰው አለ። አንዳንዱ እውነት ታሞ ነው። አንዳንዱን ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ወረቀት ታገኘዋለህ።

ትልቁ ምሳሌ ስፔን ውስጥ ነው። ኤንሪክ ማርኮ የተባለ ሰው ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ተርፌያለሁ ብሎ ለዓመታት በየትምህርት ቤቱ ተናገረ። የተረፉ ሰዎች ማኅበር መሪ እስከመሆን ደረሰ። ሰው አስለቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2005 ቤኒቶ ቤርሜሆ የተባለ የታሪክ ተመራማሪ መዝገብ አገላብጦ ሰውየው ካምፕ ውስጥ ሆኖ እንደማያውቅ ደረሰበት። ወደ ጀርመን የሄደው ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ማርኮ ሲጠየቅ የዋሸሁት ሰው ይበልጥ እንዲያዳምጠኝ ነው አለ።

ልብ በሉ፣ ማርኮን ያጋለጠው እንባው ወይም ቀን መሳቱ አልነበረም። ጥሩ ተናጋሪ ነበር። እንባም ነበረው። ያጋለጠው መዝገብ ነው። በአክስቴ ሚዛን ቢመዘን ኖሮ ማርኮ ያልፍ ነበር፣ ከየመን የተረፈችው ልጅ ትወድቅ ነበር።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ እውነት ደርሶበት፣ ሳይዋሽ፣ የሚሳሳት። እ.ኤ.አ. በ1984 በሰሜን ካሮላይና አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ተደፈረች። ሮናልድ ኮተን የተባለውን ሰው «እሱ ነው» ብላ በእርግጠኝነት ለየች። ከአሥር ዓመት በላይ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ ሌላ ሰው መሆኑን አሳየ። መደፈሯ እውነት ነው። እርግጠኛነቷም እውነተኛ ነበር። ሰውየው ግን አልነበረም። ስለዚህ «ደርሶባታል?» እና «ያደረገው እሱ ነው?» ሁለት ጥያቄ ናቸው። የመጀመሪያውን አምነህ ሁለተኛውን መመርመር ትችላለህ። ይህን አለመለየት ብዙ ጠብ ያመጣል፤ አንዱ ወገን «እመኗት» ሲል ሌላው «ሰው ያለ ማስረጃ አይወነጀል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ወንጀል ሲፈጸም አውጫጭኝ ይጠራል። አገሬው ይቀመጣል፣ ይጠየቃል፣ ይመረመራል። ወሎ ላይ ደግሞ ለደምና ለቂም አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። እንዲህ ያለው ነገር በቡና ላይ አይፈረድም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፦ እኔ የምወስነው ምንድን ነው? ዳኛ ከሆንክ፣ ጋዜጠኛ ከሆንክ፣ የእድር ገንዘብ የምታወጣ ከሆንክ፣ ስም የተጠራበት ሰው ካለ፣ መጠየቅ ግዴታህ ነው። ታዲያ ሊጣራ የሚችለውን አጣራ። የሐዋላው ገንዘብ የተላከበት ቀን ይታወቃል። ከሳዑዲ የተባረረ ሰው ሊሴ ፓሴ የሚባል የመመለሻ ወረቀት ሊኖረው ይችላል። አብራት የነበረች ልጅ ካለች ለብቻዋ ጠይቃት። የሁለቱ ቃል በዋናው ነገር ገጥሞ በዝርዝሩ ቢለያይ አትደንግጥ። ይልቅ ቃል በቃል ከገጠመ ጠርጥር።

አጠያየቅህም ትዝታውን ሊያበላሸው ይችላል። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» የተባሉት በአማካይ ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገመቱ። «ሲነካኩ» የተባሉት ወደ 51። ፊልሙ አንድ ነው። የተለወጠችው አንዲት ቃል ናት። ስለዚህ «በብረት ነው አይደል የመቱሽ?» አትበል። «ከዚያስ?» በልና ዝም በል። አማርኛ ውስጥ ከ«ከዚያስ?» የተሻለ የመርማሪ ጥያቄ አላውቅም።

የምትወስነው ነገር ከሌለ ደግሞ ምርመራውን ተወው። አብዛኛውን ጊዜ ቡና ላይ የምንወስነው ነገር የለም። ማመንም አትገደድም፤ አዎ ማለት ሳያስፈልግህ መስማት ትችላለህ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ካሳተማቸው መመሪያዎች አንዱ አደጋ የደረሰበትን ሰው ታሪኩን እንዲናገር አታስገድዱት ይላል። ከፈለገ ስሙት፣ ካልፈለገ አጠገቡ ሁኑ፣ የሚበላና የሚያድርበት እንዳለው ጠይቁ። «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሪና ንገሪን» ማለት ደግነት ይመስላል። ለእሷ ግን እንደገና እዚያ ግቢ መግባት ሊሆን ይችላል። ታሪኳ ባይያያዝልህ እንኳ ከተጠራጠርክ ለራስህ ያዘው። ተሳስተህ ሊሆን ስለሚችል ብቻ አይደለም። ያልታመነ ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ ሕክምናም አይሄድም፤ ማታ ሲያቃዠውም ለማንም አይልም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ቡና ተጠራራን። ልጅቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ይዛ፣ ለእረፍቷ መጥታ ነበር። ወሬ ወሬን አነሳና እንደገና የመንን ጠቀሰች። «ሁለት ወር ይሆናል መሰለኝ እዚያ ቤት» አለች።

አክስቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። እሷ ግን በረካውን እየቀዳች ነበር። ስኒውን ለልጅቷ እያቀበለች «ሌሊት ብርድ አልነበረውም?» አለቻት።

«ኧረ ሙቀቱ ነው እንጂ እትዬ» አለች ልጅቷ። ከዚያ ስለ ሙቀቱ ብዙ አወራችን።